እሴቱን መጠየቅ፦ በፓይተን የተለዋዋጭን ዓይነት ስለ ማረጋገጥ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚሸጡ አንዲት ጎረቤቴ የቀኑን ሽያጭ በደብተር ከመደመር ይረፉ ብዬ፣ አንዲት አጭር ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌላቸው ነበር። ፕሮግራሟ የጠዋቱን ሽያጭ ትጠይቃለች፣ የከሰዓቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያም ሁለቱን ደምራ ትነግራለች፤ ከዚህ የዘለለ ሥራ አልነበራትም። በመጀመሪያው ምሽት ለጠዋቱ 3450፣ ለከሰዓቱ 2800 ብለው አስገቡ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ድምር ግን 34502800 ነበር። እኔ ደንግጬ ኮዱን ስፈትሽ፣ እሳቸው አኃዞቹን በጣታቸው እየቆጠሩ «ልጄ፣ ሠላሳ አራት ሚሊዮን ከሆነማ ነገ በሌሊት ምን ያስነሣኛል?» አሉኝ።

ፕሮግራሟ በመሐል አልቆመችም፤ የስህተት መልእክትም አላወጣችም። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ኢንፑት የተባለው ፈንክሽን (ስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሰው የተየበውን ሁሉ፣ አኃዝ ብቻም ቢሆን፣ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ አድርጎ ይመልሳል፤ በሁለት ስትሪንጎች መካከል የመደመር ምልክት ሲገባ ደግሞ ፓይተን አንዱን ከሌላው ጫፍ ይቀጥለዋል እንጂ አይደምርም። ምልክቱ የመቀነስ ቢሆን ኖሮ፣ ስትሪንግ ከስትሪንግ አይቀነስምና ታይፕኤረር በሚባለው ስህተት ወዲያው ያቆመኝ ነበር። በማባዛት ላይም ዝም ይላል፤ "350" የሚለው ስትሪንግ በ3 ሲባዛ 1050 ሳይሆን 350350350 ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዝምተኛ ስህተት ለመያዝ ያለው መንገድ በተለዋዋጩ (እሴትን በምንጠራበት ስያሜ) ውስጥ ያለው እሴት ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ከዚህ በታች የምገልጸውም የአጠያየቁን መንገድ፣ የት ላይ እንደሚጠየቅና መልሱ የሚያታልልባቸውን ቦታዎች ነው።

ስለ አጻጻፉ አስቀድሜ ላሳስብ። የፓይተን ትዕዛዞች በላቲን ፊደል የሚተየቡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚህ በድምፃቸው በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ይህ ለንባብ ብቻ የተደረገ እንዳይመስልዎ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ከወጣው 3.0 ስሪት ጀምሮ ፓይተን የተለዋዋጭ ስያሜዎችን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ፈንክሽኖችና ክላሶችም (የእሴት ዓይነቶች) እንደማንኛውም እሴት ሌላ ስም ሊሰጣቸው ይችላል። ስለዚህ በፋይልዎ ራስጌ ላይ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ታይፕ፣ በስተቀኝ ደግሞ ያንኑ ቃል በላቲን ፊደል ቢጽፉ፣ እንዲሁም ኢዝኢንስታንስን፣ ኢንትን፣ ፍሎትን፣ ስትርን፣ ሬፕርንና ሌሎቹን በዚሁ መንገድ ቢሰይሙ፣ ለብቻቸው የተቀመጡት የኮድ መስመሮች እንዳሉ ይሠሩልዎታል። እንደገና ሊሰየሙ የማይችሉት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ብቻ ናቸው፤ እነሱን በቃል እገልጻለሁ። በኮዱ ውስጥ የግዕዙን ነጠላ ሰረዝ (፣) ወይም ሁለት ነጥብ (፡) አያስገቡ፤ ፓይተን የማይታወቅ ምልክት ብሎ ይመልስልዎታል። ሌላም አለ፦ ለእኛ ዓሣ፣ ዓሳ እና አሳ አንድ ቃል ቢሆኑም ለፓይተን ሦስት የተለያዩ ስያሜዎች ናቸው፤ በአንዱ ሰይመው በሌላው ቢጠሩ ኔምኤረር ይደርስዎታል። ይህ የፊደል አመራረጥ ጉዳይ እኔን ከዓይነት ስህተት ባላነሰ አሠቃይቶኛል።

ዓይነቱ ያለው የት ነው

እንደ ሲ እና ጃቫ ባሉት ቋንቋዎች ፕሮግራመሩ ተለዋዋጩን ሲያውጅ ዓይነቱን አብሮ ያስታውቃል፤ ለሙሉ ቁጥር የተዘጋጀ ስያሜ ከዚያ በኋላ ሙሉ ቁጥር እንጂ ሌላ አይይዝም። ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሩቢና ፒኤችፒ ዓይነትን ፕሮግራሙ በሚሄድበት ጊዜ የሚወስኑ ቋንቋዎች ናቸው። በፓይተን ስያሜው ዓይነት የለውም፤ ዓይነት ያለው እሴቱ ነው። ታክሲ ላይ የሚሰቀለውን ታፔላ ያስቡ፦ «ሻሸመኔ» የሚለው ታፔላ ጠዋት በሚኒባስ ላይ ይሰቀላል፤ ከሰዓት ያንኑ ታፔላ ወስደው አውቶቡስ ላይ ቢሰቅሉት የሚከለክል የለም። ታፔላውን አይቶ ስንት ሰው እንደሚጫን ማወቅ አይቻልም፤ መኪናውን ማየት ያስፈልጋል። ተለዋዋጭም እንዲሁ ነው፤

ዋጋ = 350
ዋጋ = "350"
ዋጋ = [350, 420]

እነዚህ ሦስት መስመሮች ተከታትለው ቢመጡ ፓይተን ቅሬታ የለውም፤ ዋጋ የሚለው ስያሜ መጀመሪያ ሙሉ ቁጥርን፣ ቀጥሎ ስትሪንግን፣ በመጨረሻ ዝርዝርን ይይዛል። «የተለዋዋጩ ዓይነት ምንድን ነው?» ስንል እንግዲህ በትክክል የምንጠይቀው «ይህ ስያሜ በዚህች ቅጽበት የሚያመለክተው እሴት ዓይነቱ ምንድን ነው?» ብለን ነው። ቅጽበቱ ትርጉም አለው፤ ጥያቄው በ10ኛው መስመር ላይ የሰጠው መልስ በ20ኛው ላይ ላይሠራ ይችላል።

በታይፕ መጠየቅ

ቀጥተኛው መንገድ ታይፕ ነው። የፓይተንን መስኮት ይክፈቱ፤ ኮምፒውተር ከሌለዎት በአንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 የተባለውን መተግበሪያ መጠቀም ይችላሉ። ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤

ታይፕ(350)
ታይፕ(350.0)
ታይፕ("350")
ታይፕ([350])
ታይፕ(700 / 2)

ለመጀመሪያው ክላስ ኢንት (ሙሉ ቁጥር)፣ ለሁለተኛው ክላስ ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር)፣ ለሦስተኛው ክላስ ስትር (ስትሪንግ)፣ ለአራተኛው ክላስ ሊስት (ዝርዝር) የሚል መልስ በላቲን ፊደል ይወጣል። አምስተኛው ብዙ ጀማሪዎችን ያስገርማል፤ 700 ለ2 ያለ ቀሪ ቢካፈልም ውጤቱ 350.0 ነው፣ ዓይነቱም ፍሎት ነው፤ በፓይተን 3 ነጠላው የማካፈያ ምልክት በሙሉ ቁጥሮች መካከል ሲገባ ሁልጊዜ ፍሎት ይሰጣልና። ሙሉ ቁጥር ሆኖ እንዲቀር ከፈለጉ የማካፈያውን ምልክት ሁለት ጊዜ ደጋግመው ይጻፉ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ውጤቱን ዝርዝር ውስጥ ቦታ ለመጥቀሻ ሲጠቀሙበት ነው፤ ዝርዝር በ2.0ኛው ቦታ ላይ ያለውን አምጣ ቢባል እምቢ ይላል።

የታይፕ መልስ ራሱ እሴት ስለሆነ ከሌላ ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ታይፕ(ዋጋ) == ኢንት ብለው ቢጽፉ እውነት ወይም ሐሰት ይመልስልዎታል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መልሱን ወደ ጽሑፍ ለውጦ «ኢንት የሚል ቃል አለበት ወይ?» ብሎ መፈለግ አንዳንድ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፣ እኔም አድርጌው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፕሪንት በሚለው ቃል ውስጥ እንኳ ኢንት አለ። ክላስን ከክላስ ጋር ያነጻጽሩ።

ዓይን የማያየው ትእምርተ ጥቅስ

የዓሣ ሻጯ ፕሮግራም በተሳሳተ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ሁለቱን ተለዋዋጮች በፕሪንት አሳየሁ። 3450 እና 2800 የሚሉ ንጹሕ ቁጥሮች ወጡ፤ ምንም ጉድለት አላየሁም። ጉድለቱ ያለው ግን ፕሪንት በሚደብቀው ነገር ላይ ነበር። ፕሪንት ለሰው ዓይን የሚስማማውን መልክ ስለሚያሳይ የስትሪንግን ትእምርተ ጥቅስ ያወልቃል፤ 3450 የሚለው ቁጥርና "3450" የሚለው ስትሪንግ ስክሪን ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያሳየው ሬፕር ነው፤

ፕሪንት(ጠዋት)
ፕሪንት(ሬፕር(ጠዋት))

የመጀመሪያው 3450 ሲል ሁለተኛው '3450' ይላል። ሁለቱ ጭረቶች ናቸው ነገሩን ሁሉ የሚናገሩት። ሬፕር ሌላም ጥቅም አለው፤ በስትሪንጉ ጫፍ የተረሳ ባዶ ቦታን፣ ከፋይል ሲነበብ መጨረሻው ላይ የሚንጠለጠለውን የመስመር መዝጊያ፣ ወይም ኤክሴል ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ሲያስቀምጥ ከመጀመሪያው ሕዋስ ፊት የሚያስገባውን የማይታይ ምልክት ሁሉ ገላልጦ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 3.8 ስሪት ወዲህ ደግሞ አጭር መንገድ አለ፤ ከትእምርተ ጥቅስ በፊት ኤፍ የምትባለውን የላቲን ፊደል አስቀድመው፣ በውስጡ በጥምዝ ቅንፍ ስያሜውንና ወዲያው የእኩል ምልክትን ቢጽፉ፣ ስያሜውንም እሴቱንም በሬፕር መልክ አጣምሮ ያሳይዎታል። ስህተት ስፈልግ ታይፕን ከምጠቀመው ይልቅ ይህን የምጠቀምበት ጊዜ ይበዛል፤ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን እሴቱንም በአንድ ጊዜ ያሳየኛልና።

ኢዝኢንስታንስ፣ እና የአንድ ብር ልዩነት

ታይፕ ስህተት ለሚፈልግ ሰው የሚመች ቢሆንም ፕሮግራሙ ራሱ ውሳኔ እንዲሰጥ ሲፈለግ የተሻለው ኢዝኢንስታንስ ነው። ሁለት ነገር ይቀበላል፤ እሴቱንና የሚጠበቀውን ክላስ፤

ኢዝኢንስታንስ(ዋጋ, ኢንት)
ኢዝኢንስታንስ(ዋጋ, (ኢንት, ፍሎት))

ሁለተኛው መስመር «ሙሉ ቁጥር ወይም ፍሎት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.10 ስሪት ጀምሮ በውስጠኛው ቅንፍ ፈንታ ሁለቱን ክላሶች በቋሚ መስመር (|) ማገናኘትም ይቻላል። ከታይፕ የሚለየው የክላስን ዝምድና በማወቁ ነው። ለምሳሌ የየዓሣውን ዓይነት ሽያጭ፣ ቆሮሶውን ለብቻ፣ አምባዛውን ለብቻ ለማጠራቀም ዲፎልትዲክት የተባለውን መያዣ ብጠቀም፣ እሱ የዲክት (እሴቶችን በየስማቸው የሚይዝ መዝገብ) ልጅ ክላስ ነው፤ ዓይነቱ ከዲክት ጋር እኩል ነው ወይ ብዬ በታይፕ ብጠይቅ ሐሰት ይለኛል፤ በኢዝኢንስታንስ ብጠይቅ እውነት ይለኛል። ዲክት የሚሠራውን ሁሉ ስለሚሠራ ለእኔ ፕሮግራም የሚጠቅመኝ ሁለተኛው መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዝምድና አንድ ቦታ ላይ ወጥመድ ይሆናል፤ በእሱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በፓይተን እውነትና ሐሰትን (ትሩና ፎልስን) የሚይዘው ቡል የተባለው ክላስ የኢንት ልጅ ነው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፤ ቡል ወደ ቋንቋው የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 2.3 ስሪት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሰዎች 1ን ለእውነት፣ 0ን ለሐሰት ይጠቀሙ ስለነበር የቆየው ኮድ እንዳይበላሽ አዲሱ ዓይነት በሙሉ ቁጥር ሥር እንዲወለድ ተደረገ። ስለዚህ፤

ኢዝኢንስታንስ(ትሩ, ኢንት)
ትሩ + ትሩ

የመጀመሪያው እውነት ይላል፤ ሁለተኛው 2 ይሰጣል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አልፌው ነበር፤ የገባኝ ግን በዱቤ መዝገቡ ላይ ነው። ጎረቤቴ ለአንዳንድ ደንበኞች፣ በተለይ ለምግብ ቤቶች፣ በዱቤ ይሰጣሉ። እኔም በየደንበኛው ስም ያልተከፈለውን ብር እመዘግብና፣ ዱቤው ሲከፈል በቁጥሩ ቦታ ትሩ ብዬ አስቀምጥ ነበር፤ «ተከፍሏል» ማለቴ ነው። ድምሩን የሚሠራው ክፍል ቁጥር ያልሆነውን እንዲዘል በኢዝኢንስታንስ አስጠንቅቄዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ድምሩ ከደብተሩ በ4 ብር በለጠ፤ በዚያ ሳምንት ዱቤያቸውን የከፈሉት አራት ደንበኞች ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ሠላሳ አራት ሚሊዮንን ማንም ያያል፣ አራት ብርን ግን ደብተር የሚይዝ ሰው ካልሆነ ማን ያያል?

መፍትሔው ሁለት ነው። ሙሉ ቁጥርን ብቻ፣ ቡልን ሳይጨምር ለመቀበል ታይፕ(ዋጋ) ከኢንት ጋር እኩል መሆኑን ይጠይቁ፤ እዚህ ላይ የታይፕ ግትርነት ይጠቅማል። ወይም ኢዝኢንስታንስን ሁለት ጊዜ ይጥሩት፤ ቡል ነው ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከሆነ ይዝለሉት፣ ከዚያ በኋላ ኢንት ነው ወይ ይበሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ግን ከሁለቱም የተሻለ ይመስለኛል፤ ብሩን በአንድ ስያሜ፣ መከፈሉን በሌላ ስያሜ ለይቼ አስቀመጥኩ። አንድ ተለዋዋጭ አንዴ ቁጥር አንዴ ምልክት እየሆነ ካስቸገረዎት፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምርመራ ሳይሆን ሁለተኛ ስያሜ ነው።

ባዶ እጁን የተመለሰ ተለዋዋጭ

ነን የሚባለው እሴት «ምንም የለም» ማለት ነው፤ ዓይነቱ ነንታይፕ ይባላል። ነን መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይነት መጠየቅ አያስፈልግም፤ በመላው ፕሮግራም አንድ ነን ብቻ ስላለ፣ ኢዝ በተባለው ቁልፍ ቃል እሴቱ ያው ራሱ ነን መሆኑን መጠየቅ በቂ ነው። ጀማሪዎች ነን የሚያጋጥማቸው ባላሰቡት መንገድ ነው፤ መልስ የሚመልሰውን የሪተርን መስመር የረሳ ፈንክሽን ነን ይመልሳል፤ የዝርዝር ሶርት ደግሞ ዝርዝሩን በቦታው ደርድሮ ነን ይመልሳል። ዋጋዎችን ደርድሮ ውጤቱን ለዚያው ለዋጋዎች ስያሜ የሰጠ ሰው ዝርዝሩን በገዛ እጁ አጥፍቷል።

ስለ ስያሜ ካነሣን፣ ዝርዝርዎን ሊስት፣ ጽሑፍዎን ስትር ብለው አይሰይሙ። እንዲህ ካደረጉ በኋላ በኢዝኢንስታንስ ሲጠይቁ ክላሱ ያለበት ቦታ ላይ የእርስዎ እሴት ስለሚገኝ ታይፕኤረር ይወጣል፤ መልእክቱም ሁለተኛው ነገር ዓይነት መሆን አለበት የሚል ነው። ስህተቱ በምርመራው መስመር ላይ የታየ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ብዙ መስመር ቀደም ብሎ ነው።

የዝርዝርን ዓይነት ሲጠይቁ መልሱ ሊስት ከመሆን አያልፍም፤ በውስጡ ምን እንዳለ አይነግርም። ከፋይል የመጣ ዝርዝር ደግሞ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ፋይል ሲኤስቪ በተባለው ሞጁል (ከፓይተን ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ስብስብ) ሲነበብ ቁጥሩም ጽሑፉም ስትሪንግ ሆኖ ይመጣል። ውስጡን በአንድ መስመር ለማየት ይህን ይጠቀሙ፤

ሴት(ማፕ(ታይፕ, ዋጋዎች))

(ሴት የሚለው እዚህ የፓይተኑ የስብስብ ክላስ ስም ነው፤ በሐዋሳ ሳስተምር ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ክፍሉ ሳይስቅ ያለፈበት ቀን የለም።) መልሱ አንድ ክላስ ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ ንጹሕ ነው፤ ኢንትም ስትርም ካለበት ከመደመርዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይፈልጉ። ሁሉም ስትር ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ከ"950" እና ከ"1200" ትልቁን አምጣ ቢሉት "950"ን ያመጣል፤ ስትሪንግ የሚነጻጸረው እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነውና 9 ከ1 ይበልጣል። ፓንዳስ በተባለው የሠንጠረዥ መሣሪያ ለሚሠሩ ዲታይፕስ የሚለው የየዓምዱን ዓይነት በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ አንድ ሕዋስ ባዶ የሆነበት የሙሉ ቁጥር ዓምድ ሲነበብ በልማዱ ወደ ፍሎት እንደሚለወጥ ብቻ ልብ ይበሉ።

ምርመራው በር ላይ ይሁን

ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ የወሰድኩት እርምጃ በየመስመሩ ኢዝኢንስታንስ መትከል ነበር። ኮዱ ከራሱ ሥራ ይልቅ በጥርጣሬ ተሞላ፤ ሳነበው እኔኑ ደከመኝ። ስህተቱ ግን የሚገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሰው በሚተይብበት። እሴት ወደ ፕሮግራሙ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ ማለትም ኢንፑት፣ ፋይልና ከኢንተርኔት የሚመጣ መልስ፣ እነሱ ናቸው በሮቹ፤ በበሩ ላይ ተፈትሾ የተለወጠ እሴት ውስጥ ከገባ በኋላ እንደገና መታወቂያ አይጠየቅም።

በሩ ላይ ደግሞ ዓይነትን ከመጠየቅ ለመለወጥ መሞከር ይቀላል፤ ኢንፑት የሚሰጠው ሁልጊዜ ስትሪንግ እንደሆነ እናውቃለንና። ብር_አንብብ የሚል ፈንክሽን ይጻፉ፤ በትራይ ሥር የተተየበውን በኢንት እንዲለውጥ፣ በኤክሴፕት ሥር ቫሊውኤረር ሲመጣ «እባክዎ በቁጥር ብቻ ያስገቡ» ብሎ እንደገና እንዲጠይቅ ያድርጉ። ኢንት በጫፎቹ ላይ ያለን ባዶ ቦታ ራሱ ይተዋል፤ "3,450"ን ግን አይቀበልም፣ "350.50"ንም አይቀበልም፣ "350 ብር"ንም፣ ባዶ ስትሪንግንም እንዲሁ። በእኛ አገር ሺውን በነጠላ ሰረዝ መለየት የተለመደ ስለሆነ እኔ ሰረዙን አስወግጄ እለውጠዋለሁ፤ ከዚያም ከመመዝገቤ በፊት የተረዳሁትን ቁጥር መልሼ አሳያለሁ። ሳንቲም ካለ ፍሎት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን 0.1 እና 0.2 በፍሎት ሲደመሩ 0.30000000000000004 ስለሚሆኑ ለገንዘብ ዴሲማል የተባለውን ክላስ እመርጣለሁ፤ ዴሲማል ደግሞ የፍሎት ልጅ አይደለምና በፍሎት ብለው ቢመረምሩት ሐሰት ይላል። ፍሎት «ናን» የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል የላቲን ቃልም ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ዓይነቱም ፍሎት ይሆናል፤ ቁጥር ግን አይደለም። አሉታዊ ቁጥርም ዓይነቱ ትክክል ነው፤ በአሉታዊ ብር የሚሸጥ ዓሣ ግን የለም። ዓይነቱ ካለፈ በኋላ የልኩ ምርመራ ለብቻው ይቀራል።

ለእኛ ብቻ የሚገጥም አንድ ጉዳይ አለ። ጎረቤቴ ኪሎውን አንድ ቀን በግዕዝ አኃዝ ፭ ብለው አስገቡ፤ ስልካቸው ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ያቀርበዋል፣ ደብተራቸውም ላይ ቀኑን የሚጽፉት በዚያው ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከኢንት በፊት ኢዝዲጂት የተባለውን የስትሪንግ መጠይቅ አስቀምጬ ነበር፤ «ሁሉም ምልክቶች አኃዝ ናቸው ወይ?» የሚል ነው። ኢዝዲጂት ስለ ፭ ሲጠየቅ እውነት ነው አለ፤ ቀጥሎ ያለው ኢንት ግን ቫሊውኤረር አውጥቶ ፕሮግራሙን አቆመው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሚጠይቁ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን አኃዝ ብሎ ቢመዘግባቸውም፣ ዜሮ ስለሌላቸውና እንደ 0 እስከ 9 በቦታ ዋጋ ስለማይጻፉ የዐሥርዮሽ አኃዝ አላደረጋቸውም፤ ኢንት የሚቀበለው ደግሞ የዐሥርዮሽ አኃዞችን ብቻ ነው። ከ፲ ጀምሮ ያሉት፣ ፻ም ጭምር፣ ኢዝዲጂትንም አያልፉም፤ ኢዝኒዩመሪክ በሚለው ብቻ ያልፋሉ። ከኢንት ጋር የሚስማማው መጠይቅ ኢዝዴሲማል ነው። የግዕዙን አኃዝ በእርግጥ ለመቀበል ከፈለጉ ዩኒኮድዳታ በተባለው ሞጁል ውስጥ ኒዩመሪክ የሚባል ፈንክሽን የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጣል፤ ለ፭ የሚሰጠው 5.0 ነው፣ ፍሎት መሆኑን ልብ ይበሉ። ፫፻፶ን የመሰለውን ግን ማባዛቱንና መደመሩን እርስዎ ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

በሩ ላይ የማይለወጥም አለ። የስልክ ቁጥር ስሙ ቁጥር ቢሆንም ስትሪንግ ሆኖ ይቀመጥ፤ በ09 የሚጀምረውን በኢንት ቢለውጡት መሪዋ ዜሮ ትጠፋለች፤ ደንበኛውም አይደወልለትም። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር በአኃዝ ስለተጻፈ ብቻ ቁጥር አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 3.6 ስሪት ወዲህ ፓይተን ከተለዋዋጩ ስያሜ አጠገብ የሚጠበቀውን ዓይነት መጻፍ ይፈቅዳል። ብዙዎች ይህን ጽፈው ተጠብቀናል ብለው ያስባሉ፤ ፓይተን ግን ፕሮግራሙ በሚሄድበት ጊዜ ማስታወሻውን አያስከብርም። ዋጋ ኢንት ነው ብለው ጽፈው ስትሪንግ ቢሰጡት ዝም ብሎ ይቀበላል። የሚፈትሸው ማይፓይ የመሰለ ለብቻው የሚሄድ መሣሪያ ነው፤ ፕሮግራምዎ ከጥቂት መቶ መስመር ካለፈ ልፋቱን ይክሳል።

ከጃቫስክሪፕት ለመጡ፦ እዚያ የሚጠየቀው በታይፕኦፍ ነው፤ መልሱም ክላስ ሳይሆን ስትሪንግ ነው። ዝርዝርንም፣ ነልንም (የዚያን ቋንቋ «ምንም የለም») ኦብጀክት ይላቸዋል፤ የነሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ስህተት ሲሆን የቆዩ ድረ ገጾች እንዳይበላሹ ሳይታረም ቀርቷል። ዝርዝር መሆኑን ለማወቅ ኢዝአሬይ የተባለውን መጠቀም ያስፈልጋል። በዚያ ቋንቋ ስትሪንግ ከቁጥር ጋር ሲደመር ስህተት ስለማያወጣ፣ "5" ሲደመር 5 "55" ይሆናል፤ ፓይተን ቢያንስ በዚህኛው ላይ ይቆማል። በፒኤችፒ ጌትታይፕ አለ፤ ፍሎትን ደብል ብሎ የሚጠራው ከጥንት የቀረ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 8.0 ስሪት ጀምሮ ጌት_ዲበግ_ታይፕ የሚለው ፍሎት ብሎ በስሙ ይጠራዋል።

ፕሮግራሙን ለሰው ከማስረከብዎ በፊት በሩን በእነዚህ ይፈትኑት፦ ምንም ሳይተይቡ ኢንተርን ይጫኑ፤ ከዚያ 3,450 ያስገቡ፤ ከዚያ 350.50፤ ከዚያ -20፤ ከዚያ ፭፤ ከዚያ «ሦስት መቶ» ብለው በፊደል ይጻፉ። በእያንዳንዱ ጊዜ ፕሮግራሙ ወይ ትክክለኛውን ቁጥር መልሶ ማሳየት፣ ወይ እንደገና መጠየቅ አለበት፤ ተመልሶ የመጣውን እሴት ደግሞ በሬፕር ይዩት። የኔዋ ፕሮግራም በ«ሦስት መቶ» ላይ እስካሁን እንደገና ትጠይቃለች፤ ጎረቤቴም «ማንበብ አትችልም እንዴ?» ይሉኛል።